ኢንዶስኮፒን የምትፈሩ፣ አልትራሳውንድን የምትለምኑ



«ዶክተር፣ ያ ቱቦ ከሚገባብኝ ሌላ መድኃኒት ብትሞክሪልኝስ?» ይህ ጥያቄ በውስጥ መስመር ተደጋግሞ ይደርሰኛል። ብዙዎቹ ጠያቂዎች ኦሜፕራዞልን ለወራት፣ አንዳንዶቹም ለዓመታት ከፋርማሲ እየገዙ የዋጡ ናቸው። ተልባውም አብሹም ተሞክሯል። እኔ የሚያስፈራኝ ቱቦው አይደለም። አደገኛ ምልክት ያለው ሰው «ጨጓራ ነው» እየተባለ ሳይታይ መክረሙ ነው የሚያስፈራኝ። ጨጓራው ያቃጠለው ሁሉ ኢንዶስኮፒ ይነሳ የሚለውንም ግን አልደግፍም።

መጀመሪያ ስለ ቱቦው እናውራ፣ ፍርሃቱ ከዚያ ስለሚጀምር። ለአዋቂ የሚያገለግለው ቱቦ የትንሿን ጣታችሁን ውፍረት አያክልም፤ የምንጎርሰው ጉርሻ ከሱ ይወፍራል። እንደ ልብ ይተጣጠፋል። ውስጡ ከፀጉር የቀጠኑ በሺዎች የሚቆጠሩ የመስታወት ክሮች አሉት። ብርሃን በአንዱ ጫፍ ሲገባ በክሩ ግድግዳ እየነጠረ፣ ክሩ ቢታጠፍም አብሮ እየታጠፈ በሌላኛው ጫፍ ይወጣል። አምፖሉ ያለው ውጭ፣ ሳጥን ውስጥ ስለሆነ አብዛኛው ሙቀት እዚያው ይቀራል።

ከዚህ በፊት ሐኪሞች ጨጓራን የሚያዩት እንደ ልብ በማይታጠፍ የብረት መሣሪያ ነበር። በ1957 እ.ኤ.አ. ባዚል ሂርሾዊትዝ የተባለ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪም በመስታወት ክር የተሠራውን መሣሪያ መጀመሪያ በራሱ ጉሮሮ አስገብቶ ሞከረው፤ ለታካሚ የተጠቀመበት ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ምስሉን የሚያነሳው ጫፉ ላይ ያለ ትንሽ ካሜራ ነው። ብርሃኑን ግን በአብዛኞቹ መሣሪያዎች አሁንም የሚያደርሱት እነዚያው ክሮች ናቸው። አፋችሁ ላይ የሚደረገው ፕላስቲክም ለዚህ ነው፤ ቱቦው ከተነከሰ ክሮቹ ይሰበራሉ፣ መሣሪያው ደግሞ በቀላሉ የሚተካ አይደለም።

«አልትራሳውንድ አይበቃም ወይ?» ትሉኛላችሁ። አይበቃም። አልትራሳውንድ ለሐሞት ጠጠር፣ ለጉበት፣ ለኩላሊት ጥሩ ነው። የጨጓራን የውስጥ ግድግዳ፣ ትንሽ ቁስልን ወይም ገና የጀመረ ዕጢን ግን አያሳይም። ናሙናም አይወስድም። «አልትራሳውንድ ተነስቼ ጨጓራዬ ደህና ነው ተባልኩ» የምትሉ፣ ያንን ወረቀት ለሐሞታችሁ አስቀምጡት።

ታዲያ ማን ይነሳ? ምግብ ሲውጥ የሚይዘው፣ በተለይ መጀመሪያ እንጀራና ዳቦ አሁን ደግሞ ሾርባም የሚያስቸግረው። ሳያስበው የከሳ። ደም ያስመለሰው ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ያየ። ምክንያቱ ያልታወቀ የደም ማነስ ያለበት። ማስመለስ ያላቆመለት። የምግብ ቧንቧ ካንሰር በአርሲና በባሌ በብዛት እንደሚታይ ስለሚታወቅ፣ ከዚያ አካባቢ መጥቶ «ምግብ ይይዘኛል» ለሚለኝ ሰው ኦሜፕራዞል ጽፌ ልሸኘው አልፈልግም። ኦሜፕራዞል ችግሩ ምን መሰላችሁ? የካንሰርን ሕመም እንኳ ለጊዜው ሊያስታግስ ይችላል። ሰውየው «ተሽሎኛል» ይላል፣ ወራት ያልፋሉ።

ዕድሜስ? የአሜሪካና የካናዳ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበራት በ2017 ባወጡት መመሪያ ምልክቱ አዲስ ባይሆንም እንኳ 60 ዓመት የሞላው ሰው እንዲታይ ይመክራሉ። እኔ ግን በ40ዎቹ ላለ ሰውም ማቃጠሉ አዲስ ከሆነና በመድኃኒት ካልተመለሰ ለመላክ አላመነታም።

የ22 ዓመት ተማሪ ሆኖ ፈተና በደረሰ ቁጥር የሚያቃጥለው፣ ሌላ ምልክት የሌለው ግን ገንዘቡን ይያዝ። ለእሱ የሰገራ የኤች ፓይሎሪ ምርመራ ይበቃዋል፤ ካለበት በአግባቡ ይታከማል። የደሙን ምርመራ ለመዳን ማረጋገጫ አትጠቀሙበት፤ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ «አለ» ሊል ይችላል።

ሌላው ፍርሃት ንጽሕና ነው፣ ይህኛው ተገቢ ፍርሃት ነው። ተጣጣፊው ቱቦ እንደ ብረት መቀስ በከፍተኛ ሙቀት አይቀቀልም፤ አይችለውም። ከእያንዳንዱ ሰው በኋላ ውስጡ ሳይቀር በብሩሽ ይታጠባል፣ ጀርም በሚገድል ኬሚካል ለተወሰነ ደቂቃ ይዘፈዘፋል፣ ይለቀለቃል፣ ይደርቃል። «ከእኔ በፊት ከገባለት ሰው በኋላ እንዴት አጸዳችሁት?» ብላችሁ ጠይቁ፣ አትፈሩ። በዚህ ጥያቄ የሚቆጣ ክሊኒክ ካለ እናቴን አልወስድበትም።

ወላጆች ደግሞ ይህን ያዙልኝ። ልጃችሁ የሪሞት ወይም የመጫወቻ ክብ ጠፍጣፋ ባትሪ ከዋጠ፣ ወይም ውጧል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ፣ «በሰገራ ይወጣል» ብላችሁ አትጠብቁ። ምግብ ቧንቧው ላይ ከተጣበቀ በ2 ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ሊያደርስ ይችላል። እንዲያስመልስ አታድርጉት። ራጅና ኢንዶስኮፒ ወዳለበት ሆስፒታል ሩጡ፤ ባትሪው የሚወጣው በዚሁ በፈራችሁት ቱቦ ነው።

ቀጠሮ ለያዛችሁ፦ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ምንም ሳትበሉ ትመጣላችሁ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ወይም የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ቀድማችሁ ለሐኪሙ ንገሩ። ጉሮሮ በሚያደነዝዝ መድኃኒት ይረጫል፤ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ያልቃል። ማቅለሽለሽና ምቾት ማጣት አለው፣ የለውም ብዬ አልዋሻችሁም። የሚያስተኛ መርፌ ከተሰጣችሁ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ ያን ቀን መኪና አትንዱ። ጉሮሮ ለአንድ ሁለት ቀን መከርከሩ የተለመደ ነው። ከባድ የደረት ወይም የሆድ ሕመም፣ ትኩሳት ወይም ደም ካያችሁ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን ተመለሱ።