አንድ ክስ ለብዙ ሰው

ክስ ሲባል የሚሸሽ ሰው ብዙ ነው። ገንዘብ የለኝም፣ ጠበቃ የለኝም፣ ብቻዬን ምን አመጣለሁ ይላል። ዛሬ የምናወራው ብቻን ስላልሆነ ክስ ነው።

በበጋ ከደባርቅ፣ ከዳባትና ከአምባ ጊዮርጊስ ብዙ ሰው ለቀን ሥራ ወደ ጎንደር ይወርዳል። ድንጋይ ይሸከማል፤ ሲሚንቶ ያቦካል። እንበልና በአንድ ግንባታ 30 ሰዎች አብረው ሠሩ። የሁለት ሳምንት ደመወዝ ቀረባቸው። ካቦው “ነገ” ይላል። ነገ ሲደርስ ደሞ “ሰኞ” ይላል። የእያንዳንዱ ገንዘብ ትንሽ ነው። ለትንሽ ገንዘብ ማን ፍርድ ቤት ይመላለሳል? አሠሪው ይህን ያውቃል። የሠላሳው ሲደመር ግን ትንሽ አይደለም።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ለዚህ መንገድ አበጅቷል። ቁጥር 38 ላይ ነው። ብዙ ሰዎች በአንድ ጉዳይ አንድ ዓይነት ጥቅም ካላቸው፣ ከመካከላቸው አንዱ ወይም ጥቂቶቹ ስለ ሁሉም ሆነው መክሰስ ይችላሉ። ነገር ግን ሁሉም በዚህ መስማማታቸውን ለፍርድ ቤቱ ማስረዳት አለባቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? እዚህ ላይ ድሩ ማበሩን ለዳኛው ማሳየት አለበት። ስለዚህ የሠላሳውም ስምና ፊርማ በወረቀት ይስፈር። ወኪሎቹ እነማን እንደሆኑም ይጻፍ።

በአሜሪካ አገር ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ በብዙ የገንዘብ ክሶች “እኔን አውጡኝ” ያላለ ሰው ሁሉ በክሱ ውስጥ ይቆጠራል። ቢሆንም በዚያም ገደብ አለ። 1.5 ሚሊዮን ያህል ሴት ሠራተኞች በደመወዝና በዕድገት ተበድለዋል ተብሎ በዋልማርት ኩባንያ ላይ ክስ ቀርቦ ነበር። በ2003 ዓ.ም. የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ክሱ በአንድነት ሊታይ አይችልም አለ። የሁሉም በደል ምንጩ አንድ መሆኑ አልታየኝም ነው ያለው። የኛም ሠላሳ ሰዎች አንዱ ስለ ደመወዝ፣ ሌላው ስለ ስድብ፣ ሦስተኛው ስለ ጠፋ አካፋ ካወሩ ነገሩ ይበተናል።

ገዢዎችም እንዲሁ ናቸው። ወገራ ውስጥ 12 ገበሬዎች ከአንድ ነጋዴ የገዙት ዘር ሳይበቅል ቢቀር ጉዳያቸው አንድ ነው። ደረሰኙን ግን ይዘው መገኘት አለባቸው።

ወደ ሠራተኞቹ እንመለስ። ትልቁ ጠላታቸው ጊዜ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ያልተከፈለ ደመወዝ የሚጠየቀው መከፈል ከነበረበት ቀን አንሥቶ በ6 ወር ውስጥ ነው። ካቦውን መለመን ይህን ጊዜ አያቆመውም። አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ካመነ ግን ይቋረጣል። ሠራተኛ ለሥራ ክርክር ሲከስ የዳኝነት ገንዘብ አይከፍልም። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም፤ ለጎረቤት ንገሩ።

አንድ ነገር ቀረን፤ እሱም ፔሮሉ ነው። ዱሮ ማንበብ ሳንችል ጣታችንን አሳዩን ባሉን ቦታ እናትም ነበር። አሁን አንብቡት። ስማችሁን፣ የሠራችሁበትን ቀን ብዛት፣ የገንዘቡን ልክ ተመልከቱ። ያልተቀበላችሁት ገንዘብ ከተጻፈበት ጎን አትፈርሙ። አሠሪው ነገ ያንኑ ወረቀት ይዞ “ከፍያለሁ” ይላልና። የሠራችሁበትንም ቀን በየምሽቱ በደብተራችሁ ጻፉ።