ለስኳር ሕሙማን ከመድኃኒቱ ጋር ዕውቀቱም ሊደርስ ይገባል

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ከሐኪም ጋር የሚገናኘው በወራት አንድ ጊዜ፣ ያውም ለጥቂት ደቂቃዎች ነው። በቀረው ጊዜ ሕክምናውን የሚያካሂደው ራሱ ሕመምተኛው በመሆኑ ውጤቱ በአመዛኙ የሚወሰነው በመኖሪያ ቤቱ ነው።

ለዚህ ኢንሱሊን በቂ አብነት ነው። ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ ይኖርበታል። ማቀዝቀዣ በሌለበት የገጠር ቀበሌ በውኃ የራሰ የሸክላ ዕቃ ሙቀቱን ሊቀንስ ይችላል። ይህ ያልተነገረው ሕመምተኛ ግን ኃይሉ የተዳከመ መድኃኒት እየወጋ ስኳሩ ለምን እንዳልወረደ ግራ ይገባዋል። መርፌ ወግቶ ምግብ የዘገየበትም ላብና መንቀጥቀጥ ሲሰማው ፈጥኖ ስኳር ካልቀመሰ ራሱን ሊስት ይችላል፤ በአጽዋማት ወቅት አደጋው ይጎላል። የእግር ጉዳይም አለ። ነርቭ ሲደነዝዝ ቁስል አያምምምና በየዕለቱ እግሩን የማይመለከት ሰው ጉዳቱን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ትኩረቱ በእናቶችና ሕፃናት ጤና፣ በንጽሕናና በተላላፊ በሽታዎች ላይ ነበር፤ ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ቦታ ያገኙት በኋላ ነው። ስለዚህ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች የተሠራጨውን መድኃኒት መጠን ብቻ ሳይሆን ሕመምተኛው አጠቃቀሙን ማወቁንም ሊከታተሉ ይገባል። በክትትል ቀን ወረፋ ለሚጠብቁ ሕሙማን በቡድን የሚያስተምር አንድ ነርስ መመደብ ከበጀት ይልቅ የሥራ መርሐ ግብር ማስተካከልን ይጠይቃል።