አስም ያለበት ሰው ሰውነቱን ቢያሠራ ይጎዳልን?

አስም ላለበት ሰው በየቤቱ የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዐይነት ነው። «ተቀመጥ፤ አትድከም፤ ዳገት አትውጣ» ይሉታል። ውሃውን ሌላ ሰው ይቀዳለታል፤ ገበያውንም ሌላ ሰው ይሄድለታል። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ለመሆኑ አንጠራጠርም። የሚወዱት ሰው በሌሊት ትንፋሽ አጥሮት ደረቱ ሲር ሲር ሲል የሰማ ቤተ ሰብ ያን ጭንቀት ዳግመኛ ላለማየት ቢሠጋ አይፈረድበትም። ዳሩ ግን ምክሩ በቅን ልቡና የተሰጠ ቢሆንም፣ በሽተኛውን ከሚጠቅመው ይልቅ የሚጎዳው እንደሚበዛ የሕክምና ትምህርት ካስረዳ ቆይቷል። ስለዚህ በዚህ ወር ጽሑፋችን፣ የሰውነት እንቅስቃሴ በዐዋቂ የአስም በሽተኛ ትንፋሽ ላይ ምን እንደሚያደርግ፣ በሱሉልታ፣ በቡራዩና በሰበታ ደጋ ለሚኖሩ ቤተ ሰቦች በሚስማማ መንገድ ለመግለጽ እንሞክራለን።

በመጀመሪያ የበሽታውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ከጉሮሮ ወደ ሳንባ የሚወርደው የአየር ቧንቧ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተከፋፈለና እየቀጠነ ይሄዳል። አስም ባለበት ሰው የእነዚህ ቧንቧዎች ውስጠኛ ገጽ የተቆጣ ስለ ሆነ፣ ጢስ ወይም አቧራ ወይም ብርድ ሲነካው በዙሪያው ያለው ጡንቻ ይኮማተራል፤ ገጹም ያብጣል፤ አክታም ይበዛል። በዚህ ጊዜ መንገዱ ይጠብና አየሩ ይልቁንም በሚወጣበት ጊዜ ይቸገራል። ሲር ሲር የሚለው ድምፅ የሚሰማውም ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ሩጫ ወይም ዳገት ይህን ጥበት የሚያመጣው በምን ምክንያት ነው? ሰው ባረፈበት ጊዜ በደቂቃ ስድስት ሊትር ያህል አየር ይተነፍሳል። በርትቶ ሲሮጥ ግን የሚተነፍሰው አየር በደቂቃ ከ100 ሊትር ሊበልጥ ይችላል። ጥቂቱን አየር አፍንጫ አሙቆና አርጥቦ ወደ ሳንባ ይልከዋል። ይህን ሁሉ አየር ግን አፍንጫ ብቻውን ስለማይችለው ሰውየው በአፉ መተንፈስ ይጀምራል፤ ቀዝቃዛውና ደረቁ አየርም ሳይሞቅና ሳይረጥብ ወደ ውስጥ ይወርዳል። ቧንቧዎቹም አየሩን ለማርጠብ ሲሉ የራሳቸውን እርጥበት ያጣሉ። ገጻቸው ሲደርቅ በዚያ ያሉት ሕዋሳት ሂስታሚንና ሉኮትራይን የሚባሉትን ንጥረ ነገሮች ይለቃሉ፤ እነዚህም ጡንቻውን ያኮማትሩታል። ስለዚህ ትንፋሹን የሚያሳጥረው የእግሩ መሮጥ ራሱ ሳይሆን፣ ከሩጫው የተነሣ በብዛት የሚገባው ደረቅ አየር ነው።

የዚህም ጥበት ጊዜ የተለየ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚብሰው በሥራው መካከል ሳይሆን፣ ሰውየው ካቆመ በኋላ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ከዚያም ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ሲሆነው ቀስ በቀስ ይለቃል። ሐኪሞች ይህን በመሣሪያ ይለኩታል፤ በሽተኛው በኀይል ሲተነፍስ በመጀመሪያዋ ሰከንድ የሚያወጣው አየር ከሥራው በፊት ከነበረው በ10 ከመቶ ወይም ከዚያ በላይ የቀነሰ እንደ ሆነ፣ እንቅስቃሴው ቧንቧውን አጥብቦታል ይላሉ። ሌላም ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ከእነዚህ በሽተኞች ግማሽ ያህሉ አንድ ጊዜ ከጠበባቸው በኋላ፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ያህል ያንኑ ሥራ ቢደግሙት ጥበቱ እንደ መጀመሪያው አይበረታባቸውም። ሐኪሞች «ሰውነትህን አሟሙቅ» የሚሉት ይህን ጠባይ ለመጠቀም ነው።

ይህን ካወቅን የአገራችንን አየር መመርመር ይገባናል። ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሰበታም በጅማ መንገድ ይገኛሉ። ሦስቱም ደጋ ናቸው፤ ሱሉልታማ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ይበልጣል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ያንኑ ዳገት ለመውጣት የበለጠ መተንፈስ ግድ ይሆናል። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ደግሞ ማለዳው ብርዱ የጠና፣ አየሩም የደረቀ ነው። በዚህ ላይ የከባድ መኪና ጢስና የጥርጊያ መንገድ አቧራ፣ በቤትም የማገዶ ጢስ ይጨመርበታል። ስለዚህ በእነዚህ ከተሞች የሚኖር የአስም በሽተኛ ማለዳ በችኮላ ዳገት ሲወጣ ቢያፍነው ሊያስደንቀን አይገባም።

ነገር ግን ይኸው የሱሉልታ ሜዳ የታወቁ ሯጮቻችን የሚለማመዱበት መሆኑን እናስታውስ። ከሯጮቻችንም መካከል በአትላንታና በሲድኒ ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር የወርቅ ሜዳልያ ያገኘው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ አስም ያለበት ሰው ነው። በሚያዝያ 1999 ዓ.ም. በለንደን ማራቶን ትንፋሹ ስላስቸገረው ውድድሩን አቋርጦ ወጣ፤ ምክንያቱም የአበባ ብናኝ መሆኑን ተናገረ። ከአምስት ወር በኋላ፣ በመስከረም 2000 ዓ.ም.፣ በበርሊን ማራቶን 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። በመጋቢት 2000 ዓ.ም. ደግሞ፣ የቤይጂንግ ከተማ አየር ለአስሙ እንዳይጎዳው በመሥጋት በኦሎምፒኩ ማራቶን እንደማይሮጥ አስታወቀ። በነሐሴ ወር በ10,000 ሜትር ብቻ ተሰልፎ 6ኛ ወጣ። በመስከረም 18 ቀን 2001 ዓ.ም. ወደ በርሊን ተመልሶ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ በመሮጥ የራሱን ክብረ ወሰን አሻሻለ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው፣ በሽተኛ ሁሉ ማራቶን ይሩጥ ማለትን አይደለም። ይህ ሰው አስም አለብኝ ብሎ ሩጫን አልተወም፤ ሯጭ ነኝ ብሎም አስሙን አልናቀም። አየሩ ክፉ ነው ብሎ ባሰበበት ቦታ ማራቶኑን ተወ፤ አየሩ በተስማማው ቦታ ግን ሮጠ። ለእያንዳንዱ በሽተኛ የሚያስፈልገው ይህን የመሰለ ማስተዋል ነው።

ተቀምጦ መቅረት የሚያመጣው ጉዳት እንዲህ ነው። ሥራ ያልለመደ ሰውነት በጥቂት እርምጃ ብዙ ይተነፍሳል፤ ብዙ ሲተነፍስም ቧንቧው ይደርቃል፤ ስለዚህም በትንሽ ድካም ይታፈናል። ያ ሰው «እንቅስቃሴ አይስማማኝም» ብሎ ይቀመጣል፤ ሰውነቱ ግን ይብስ ይደክማል፤ ክብደትም ይጨምራል፤ የክብደት መብዛት ደግሞ አስምን ያባብሳል። በመጠን የሚሠራ ሰው ግን ልቡና ጡንቻው ስለሚበረቱ ያንኑ ዳገት በጥቂት ትንፋሽ ይወጣዋል። የሰውነት ሥራ አስምን ከሥሩ አይነቅልም፤ በመሣሪያ የሚለካውንም የሳንባ ኀይል ብዙ አይለውጠውም። ይሁን እንጂ የሰውነትን ብርታት ይጨምራል፤ የብዙ በሽተኞችንም ኑሮ ያቃልላል።

አሠራሩን በሚመለከት የሚከተለውን እናሳስባለን። አስሙ ያልረጋለት ሰው፣ ማለት በሌሊት የሚያስነሣው ወይም በየቀኑ የሚያፍነው፣ አስቀድሞ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ብዙ ሰው «ፓፍ» እያለ የሚጠራው ሳልቡታሞል የተኮማተረውን ጡንቻ ለጊዜው ይፈታዋል እንጂ የቧንቧውን ቁጣ አያበርደውም። ቁጣውን የሚያበርደው እንደ ቤክሎሜታዞን ያለው፣ በአፍ የሚሳበው የስቴሮይድ መድኃኒት ነው። ስለዚህም ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ዐዋቂዎች በሳልቡታሞል ብቻ እንዳይታከሙ ይመክራል። ሐኪሙ ከእንቅስቃሴ በፊት የሚሳብ መድኃኒት ያዘዘለት እንደ ሆነ፣ ከሩብ ሰዓት ያህል አስቀድሞ ይውሰደው፤ መድኃኒቱንም ከኪሱ አይለይ።

ከዚያም ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በዝግታ እየተራመደ ሰውነቱን ያሟሙቅ። በብርድ ወራት ማለዳ ከመውጣት ይልቅ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ከሞቀች ዘንድ ቢወጣ ይሻላል፤ ብርድ ካለም አፉንና አፍንጫውን በነጠላ ወይም በሻሽ ይሸፍን፤ የገዛ ትንፋሹ የሚገባውን አየር ያሞቅለታልና። መኪና ከሚበዛበት አውራ ጎዳና ይራቅ። በመንገድ ሳለ ከጓደኛው ጋር መነጋገር የሚችል፣ መዝሙር ለመዘመር ግን ትንፋሽ የሚያንሰው ከሆነ አካሄዱ መጠነኛ ነው፤ መነጋገር ካቃተው ግን አብዝቷልና ይቀንስ። በሳምንት ሦስት ቀን ለ20 ደቂቃ ጀምሮ፣ ሰውነቱ ሲለምድ ለዐዋቂ ሁሉ እስከሚመከረው በሳምንት 150 ደቂቃ ድረስ ሊያደርሰው ይችላል። ሲጨርስም በድንገት አይቁም፤ እያዘገመ ያቁም። ጉንፋን በያዘው ጊዜ ግን ይረፍ።

ለቤተ ክርስቲያን ልጆች አንድ ነገር እንጨምራለን። በሰሙነ ሕማማት፣ ይልቁንም በስቅለት ዕለት የሚደረገው ስግደት የነፍስ ሥራ ቢሆንም ለሥጋም ድካም ነው። አስም ያለበት ምእመን ከመጀመሪያው ዝግ ብሎ ይጀምር፤ አቅሙ ያልቻለውንም ያህል ለንስሐ አባቱ ገልጦ ምክር ይቀበል። የዕጣን ጢስ የሚከብደው ሰው አየር ወደሚገባበት በር ጠጋ ብሎ ቢቆም ነውር የለበትም። በጾም ሰዓት መድኃኒት ስለ መውሰድ የሚያመነታ ቢኖርም ከንስሐ አባቱና ከሐኪሙ ጋር ይመካከር እንጂ በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ስለ ሐኪምና ስለ መድኃኒት ክብር የሚያስተምረውን ያነበበ ቤተ ሰብ፣ ጸሎትና ሕክምና ተቃራኒዎች እንዳልሆኑ ያውቃል።

በመጨረሻም ቤተ ሰብ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ የአደጋ ምልክት አለ። በሽተኛው መድኃኒቱን ስቦ ካልተሻለው፣ አንድ ዐረፍተ ነገር ሳያቋርጥ መናገር ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቈረ ወይም የሚያንቀላፋ ከመሰለ፣ «ቆይቶ ይለቀዋል» ሳይባል ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። በመንገድም መድኃኒቱን ደጋግሞ ይሳብ።

እንግዲህ በቤታችሁ አስም ያለበት አባት ወይም እኅት ካለች፣ «ተቀመጪ» ከማለት ይልቅ መድኃኒቷን መያዟን ጠይቃችሁ፣ ነጠላዋንም አቀብላችሁ አብራችኋት ተራመዱ። ብቻዋን የምትፈራውን መንገድ ከእናንተ ጋር ስትለምደው ፍርሃቷ ይቀንሳል። ለሁላችንም እግዚአብሔር ጤናውን ያድለን።