ራውተሩን አጥፍቶ ከማብራት በፊት

በሮቤ ወይም በጎባ በኪራይ ክፍል ተቀምጦ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጅ ተማሪ ከአማካሪው ጋር በቪዲዮ ሲነጋገር ግንኙነቱ ድንገት ቢቋረጥበት ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። ተነሥቶ ራውተሩን ያጠፋል፤ ጥቂት ቆይቶ መልሶ ያበራዋል። ብዙ ጊዜ ግንኙነቱ ይመለሳል፤ ከሰዓታት በኋላ ግን ያው ችግር ይደገማል። የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው፦ ምንም ሳይመዘግቡ አጥፍቶ ማብራት ብልሽቱን አያርምም፤ የብልሽቱን ማስረጃ ግን ይደመስሳል። በቤተ ሙከራም ሆነ በመስክ ሥራ የማንፈቅደውን አሠራር በቤታችን ልንፈቅደው አይገባም።

ነገሩን በአካባቢያችን ምሳሌ እንየው። በባሌ ደጋ የስንዴ ማሳ ዋግ ሲመታው ተመራማሪው መጀመሪያ ቅጠሉንና አገዳውን ተመልክቶ ቢጫ ዋግ ይሁን የግንድ ዋግ ይለያል። ማሳውን ገልብጦ ካረሰ በኋላ የበሽታውን ዓይነት የሚጠይቅ የለም። ራውተርም እንዲሁ ነው። አብዛኞቹ የቤት ራውተሮች የክንውን መዝገባቸውን የሚይዙት ኃይል ሲቋረጥ በሚጠፋ ጊዜያዊ ማኅደር ላይ ነው። ስለዚህ ማጥፊያውን በተጫንን ቅጽበት ከዚያ በፊት የሆነው ሁሉ አብሮ ይጠፋል።

“ተቋረጠ” የሚለው ቃል ቢያንስ አራት የተለያዩ ክስተቶችን ይሸፍናል። ኃይል ተቋርጦ ራውተሩ እንደ ገና ተነሥቶ ሊሆን ይችላል፤ በስልኩና በራውተሩ መካከል ያለው የሬዲዮ ግንኙነት ተዳክሞ ሊሆን ይችላል፤ ከቤት ወደ አገልግሎት ሰጪው የሚሄደው መስመር ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ወይም መስመሩ ደኅና ሆኖ የድረ ገጽ ስሞችን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚተረጉመው አገልግሎት ብቻ ቆሞ ሊሆን ይችላል። አራቱም ለተጠቃሚው አንድ ይመስላሉ፤ መፍትሔያቸው ግን የተለያየ ነው።

የመጀመሪያው መለያ በራውተሩ ማስተዳደሪያ ገጽ ላይ የሚነበቡ ሁለት የጊዜ ልኬቶች ናቸው። አንዱ ራውተሩ ከተነሣ ምን ያህል ጊዜ እንደ ሆነው፣ ሁለተኛው ከአገልግሎት ሰጪው ጋር ከተገናኘ ምን ያህል እንደ ቆየ ያሳያል። ሁለቱም ጥቂት ደቂቃ ብቻ ካሳዩ ራውተሩ ራሱ ወድቆ ተነሥቷል፤ ጥርጣሬውም ወደ መብራት፣ ወደ አዳፕተር ወይም ወደ ሙቀት ያመራል። የመጀመሪያው ብዙ ቀናት፣ ሁለተኛው ጥቂት ደቂቃ ካሳየ ግን የተቋረጠው መስመሩ ነው። ራውተሩን ያጠፋ ሰው ሁለቱንም በገዛ እጁ ወደ ዜሮ መልሷቸዋል።

ሁለተኛው መለያ ፒንግ የተባለው፣ ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ላፕቶፑን በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኝቶ አንዱን መስኮት የራውተሩን አድራሻ፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1ን፣ ሌላውን ደግሞ የውጭ አድራሻ፣ ለምሳሌ 8.8.8.8ን፣ ሳያቋርጥ እንዲጠይቅ ማድረግ ይቻላል። ራውተሩ እየመለሰ የውጩ ዝም ካለ ምክንያቱ ከራውተሩ ወዲያ፣ በመስመሩ በኩል ይፈለጋል። ሁለቱም በገመድ እየመለሱ በዋይፋይ ብቻ ዝም ካሉ ችግሩ የሬዲዮው ነው። የቁጥር አድራሻው መልሶ የድረ ገጹ ስም ብቻ ካልተገኘ የስም አገልግሎቱን መጠርጠር ይገባል።

ችግሩ የሬዲዮው ከሆነ በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ እርስ በርስ ሳይደራረቡ የሚሠሩት የተለመዱ ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ መሆናቸውን ማስታወስ ያሻል። በአንድ ግቢ ብዙ ተከራዮች የየራሳቸውን ራውተር ሲተክሉ እነዚህ ሦስቱ በቶሎ ይጨናነቃሉ። 5 ጊጋኸርዝ ሰፊ ቦታ አለው፤ ግድግዳ ሲያልፍ ግን ይበልጥ ይደክማል። ቆርቆሮና የብረት በርም ሞገዱን መልሰው ያንጸባርቃሉ።

ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ጎባም ከ2,700 ሜትር በላይ ስለሚገኙ “ብርዱና ዝናቡ ነው” የሚለው ማብራሪያ ይቀለናል። ዝናብ በእርግጥ ሊያውክ ይችላል፤ ነገር ግን መንገዱ ይለያያል። በመዳብ መስመር መጋጠሚያ ውስጥ እርጥበት ሲገባ ምልክቱን ያበላሻል፤ የፋይበር መስመርን ግን በዚያ መንገድ አይጎዳውም። በቤትና በሞባይል ማማ መካከል ባለው ዝቅተኛ ድግግሞሽ ላይ የዝናብ ተጽዕኖ እጅግ አነስተኛ ሲሆን፣ ማማን ከማማ በሚያገናኙ ከ10 ጊጋኸርዝ በላይ በሆኑ ሞገዶች ላይ ግን ይበረታል። እንዲሁም ሰው የማያስተውለው ከሰከንድ ያነሰ የመብራት መቆራረጥ ራውተርን ሊያስነሣ ይችላል። የዝናብ ዕለት ብዙ ጊዜ የመብራት መቆራረጥ ዕለትም ስለሚሆን፣ ያለ መዝገብ ሁለቱን መለየት አይቻልም።

“የቃለ መጠይቅ ተሳታፊዬ እየጠበቀኝ መዝገብ ልያዝ?” የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ተገቢም ነው። መልሱ ግን ማጥፋትን መከልከል አይደለም። ከማጥፋት በፊት የራውተሩን መብራቶችና የማስተዳደሪያ ገጹን በስልክ ፎቶ ማንሣት ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ መብራት መኖሩን፣ ዝናብ መኖሩን፣ ችግሩ በአንድ ወይስ በሁሉም መሣሪያ ላይ መታየቱን በደብተር መጻፍ ሌላ አንድ ደቂቃ ይፈጃል።

እንዲህ ያለ መዝገብ ሳይያዝ ደንበኛው አገልግሎት ሰጪውን፣ አገልግሎት ሰጪው የደንበኛውን ራውተር ሲወቅሱ ይኖራሉ፤ የሚዘገየውም የተማሪው ሥራ ነው። በመሆኑም የድኅረ ምረቃ ክፍሎቻችን አንድ ዓይነት ባለ አንድ ገጽ ቅጽ አዘጋጅተው በሮቤና በጎባ ለሚኖሩ ተማሪዎች እንዲያድሉ ሐሳብ አቀርባለሁ። ሁለቱ ከተሞች በ14 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ የሚራራቁ በመሆናቸው የአንድ ክረምት መዝገብ ጎን ለጎን ሲታይ፣ በአንድ ሰዓት በሁለቱም የጠፋውን ግንኙነት በአንድ ቤት ብቻ ከጠፋው ይለያል። የመጀመሪያውን ለአገልግሎት ሰጪው፣ ሁለተኛውን ለየቤታችን እንወስዳለን።