የሚቆጠር እንጂ የማይፈተን ጥይት

በባሕር ዳር ክረምቱ ሲገባ ከጣና የሚነሣው እርጥበት የማይደርስበት ዕቃ የለም። መጽሐፍ ይሻግታል፣ ጫማ ያረረ ዳቦ ይመስላል፣ የበር ማጠፊያ ይዝጋል። በዚሁ ወቅት በሐይቁ ዳርቻ በመጋዘንና በድርጅት ደጃፍ የሚያድሩ የጥበቃ ሠራተኞች በየማታው መሣሪያ ይረከባሉ። በመዝገቡ ላይ የሽጉጡ ቁጥር ይጻፋል፤ የጥይቱም ብዛት ይጻፋል። ጥይቱ በየትኛው ዓመት እንደ ተገዛና ስንት ክረምት እንዳለፈበት የሚጻፍበት ረድፍ ግን እስካሁን አላየንም።

ማን መሣሪያ መያዝ ይገባዋል የሚለውን ክርክር እዚህ አናነሣም፤ እርሱ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚመለከተው ጉዳይ ነው። የእኛ ጥያቄ ጠባብ ነው። በሕግ ተፈቅዶ ለአንድ ዘበኛ የተሰጠ ጥይት፣ በሚያስፈልግበት በዚያ አንድ ሌሊት እንደሚሠራ በምን እናውቃለን? በእኛ እምነት አናውቅም። የምናውቀው ቁጥሩን ብቻ ነው። ልማዱም የቆየ ሳይሆን አይቀርም፤ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የውጅግራ ጥይት በገበያ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ ነበር፤ ገንዘብ ደግሞ ይቆጠራል እንጂ አይተኮስም።

ጥይት ሲታይ አንድ ጠጣር ነገር ይመስላል፤ በውስጡ ግን ኬሚስትሪው ሥራ ላይ ነው። ቀለሁ አብዛኛውን ጊዜ ከናስ፣ ማለትም ከመቶ 70 ያህል መዳብና 30 ያህል ዚንክ ከያዘ ቅይጥ ይሠራል። በግርጌው ስትመታ እሳት የምትሰጥ ትንሽ ቆብ አለች። እርጥበት ወይም ለጽዳት ተብሎ በብዛት የተቀባ ዘይት ሰርጎ ከገባ ይህቺ ቆብ ትሞታለች፤ ያን ጊዜ ቃታው ይሳባል፣ ጥይቱ ይከሽፋል።

ስለ ናሱ ከሕንድ የተገኘ ትምህርት አለ። በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን በፈረስ ጋጣ አጠገብ የተከማቹ ጥይቶች በዝናቡ ወራት ቀለሃቸው እየተሰነጠቀ ያስቸግር ነበር። ሙር፣ ቤኪንሴልና ማሊንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1921 እ.ኤ.አ. ምክንያቱን ገለጹት፤ ከፈረስ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ፣ ከእርጥበቱና ናሱ ሲቀረጽ በውስጡ ከቀረው ውጥረት ጋር ተባብሮ ብረቱን ይሰነጥቀዋል። ዛሬ ፋብሪካዎች ቀለሁን በመጠነኛ ሙቀት እያለዘቡ ውጥረቱን ይቀንሱለታል። ሆኖም ከብትና ሰው በአንድ ጣራ ሥር በሚያድሩበት ቤት፣ ከጋጣው በላይ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ዝናር ያየ ሰው የሕንዱን ታሪክ ሩቅ አይለውም። አረንጓዴውን ዝገት በሎሚ ማሸትም መልኩን እንጂ ውስጡን አይመልስም።

ባሩዱም ያረጃል። ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ በ1884 እ.ኤ.አ. የፈጠረው ጭስ አልባ ባሩድ መሠረቱ ናይትሮሴሉሎስ ነው። ይህ ውህድ በራሱ ጊዜ ቀስ በቀስ ይፈራርሳል፤ ሲፈራርስ የሚወጣው የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋዝ ደግሞ መፈራረሱን ያፋጥነዋል። በቱሎን ወደብ ኢዬና የተባለችው የጦር መርከብ በ1907፣ ሊቤርቴ የተባለችው በ1911 እ.ኤ.አ. ፈንድተው በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሲያልቁ ጥርጣሬው ያረፈው በዚሁ ባሩድ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንደ ዳይፌኒልአሚን ያሉ ጋዙን የሚይዙ ማረጋጊያዎች ይጨመሩበታል። ማረጋጊያው ግን ያልቃል፤ በሙቀት ደግሞ ፈጥኖ ያልቃል። የሙቀት መጠን በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር የኬሚካዊ ለውጥ ፍጥነት በግምት እጥፍ እንደሚሆን ተማሪ ሁሉ ያውቃል፤ የቆርቆሮ ጣራ ያለው የጥበቃ ክፍል ቀትር ላይ ምን እንደሚመስልም ባሕር ዳር የኖረ ያውቃል። በኪስ የሚያዝ ጥይት እንደ መርከብ አይፈነዳም። ነገር ግን የደከመ ወይም እርጥበት የነካው ባሩድ አረሩን ከቱቦው መካከል ሊያስቀረው ይችላል፤ ይህን ያላወቀ ሰው ሁለተኛውን ሲተኩስ መሣሪያው በእጁ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

«አያቴ ያስቀመጡት ጥይት ዛሬም ይተኩሳል» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እውነት ነው፤ በደንብ የተሠራ ጥይት በደረቅና በቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል። ችግሩ የተተኮሰው ጥይት ስለ ራሱ እንጂ በካዝናው ስለ ቀሩት አለመመስከሩ ነው። ጥይት ሳይጠፋ የማይፈተን ዕቃ ነው፤ እንደ ክብሪት። በዚህ ጊዜ ያለን መንገድ ከአንድ ዘመን ምርት፣ በአንድ ዓይነት ቦታ ከተቀመጠ ክምችት ናሙና ወስዶ ስለ ቀሪው መገመት ነው። ግምቱም ከምናስበው በላይ ጥይት ይበላል። ከመቶ 5ቱ የሚከሽፉበት ክምችት አለን እንበል። ከዚህ 20 ጥይት ብንተኩስ ሁሉም ሳይከሽፉ የመተኮስ ዕድላቸው 0.95 በራሱ 20 ጊዜ ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ 36 ከመቶ ገደማ። ማለትም መጥፎው ክምችት ከሦስት ጊዜ አንዱን ፈተናውን አልፎ ይሄዳል! በስታቲስቲክስ ዘንድ የታወቀ ቀላል ሕግ አለ፤ ያለ አንድም ክሽፈት የተፈተነውን ብዛት ለ3 ማካፈያ ማድረግ ነው። 30 ተተኩሶ አንድም ካልከሸፈ፣ በ95 ከመቶ እርግጠኝነት የክሽፈቱ መጠን ከ10 ከመቶ አይበልጥም ማለት እንችላለን፤ ከ1 ከመቶ አይበልጥም ለማለት 300 መተኮስ ያስፈልጋል። ባለ 10 ጥይቱ ዘበኛ ይህን ፈተና ሊሠራው አይችልም። አሠሪው ግን፣ ብዙ ጥይት ከአንድ ምርት ገዝቶ የሳጥኑን ቁጥር ከመዘገበ፣ ይችላል።

ሌላም የማይታይ ጉዳት አለ። በተረኛ ቅያሬ ሽጉጡ ይጎረሳል፣ ይራገፋል፤ የወጣችው ጥይት ተመልሳ ከካዝናው አናት ትቀመጣለች፤ በማግስቱም የምትጎርሰው እርሷው ናት። በየጉርሻው የአረሩ አፍንጫ ከብረት ጋር ይጋጫል፤ በብዙ ግጭት አረሩ ወደ ቀለሁ ውስጥ ይሰምጣል። ለባሩዱ የቀረው ክፍተት ሲጠብብ በሚተኮስበት ጊዜ የሚፈጠረው ግፊት ከተለካለት በላይ ይሆናል። ከአዲስ ጥይት ጎን አቁሞ ቁመታቸውን ማስተያየት በቂ ነው፤ ያጠረችው ከአገልግሎት ትውጣ።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው። አሠሪዎች ጥይትን እንደ መድኃኒት የመግቢያ ቀን ይስጡት። ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ በዘበኞች እጅ የከረመው ሁሉ ይሰብሰብና በአዲስ ይተካ። የተሰበሰበውም ሕጋዊ በሆነ የመተኮሻ ሜዳ፣ በአሠልጣኝ ፊት ለልምምድ ይዋል፤ የከሸፈው ይቆጠር፣ ይመዝገብ። እንዲህ ሲሆን ያው አንድ ጥይት ዘበኛውንም ያሠለጥናል፣ ክምችቱንም ይፈትናል። በልምምዱ ላይ ጥይት ቢከሽፍ ወዲያው አፈሙዙን ዞሮ ማየት አይገባም፤ ዘግይቶ ሊተኩስ ስለሚችል ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ እንዳነጣጠሩ ቢያንስ 30 ሰከንድ መጠበቅ ያስፈልጋል።

በሠርግና በለቅሶ ላይ ወደ ሰማይ መተኮስ ግን ፈተና አይባልም፤ የከሸፈውን የሚመዘግብ የለም፣ የተተኮሰውም አረር የሆነ ሰው ግቢ ላይ ይወርዳል። ዝጎ የተጣለውንም ወደ ጣና መወርወር ያው ነው። ናሱና እርሳሱ ዓሣ ከምናጠምድበት ውኃ ሥር ይቀመጣሉ፤ የተበላሸ ጥይት የሚመለሰው ለፖሊስ ነው።