ስለ ቤዝ ጊታራችን ሁለት ድምፆች

ዘንድሮ በወላጆች ቀን በአዳራሻችን ተገኝተህ እንደ ሆነ፥ የሙዚቃ ክበባችን ቤዝ ጊታር አንድ ጊዜ ሲያጓራ፥ አንድ ጊዜ ደግሞ ጭራሽ ሲጠፋ ሳትሰማ አልቀረህም። ከዝግጅቱ በኋላ ብዙዎቻችን ጥፋቱን በተጫዋቹ ላይ ጣልን። ልጁ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ጣቶቹ ገና አልጠነከሩም፥ ቦታውን ለሌላ ይልቀቅ ተባለ። ከሁሉ አብልጦ ይህን የተናገረው አሁን የሚጽፍልህ ሰው ነበር። ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤዛችን ሁለት ፒክአፖች አሉት፤ አንዱ ወደ አንገቱ በኩል፥ ሁለተኛው ብሪጅ በሚባለው የክሮቹ መቀመጫ አጠገብ። ፒክአፕ ማለት ቀጭን የመዳብ ሽቦ ብዙ ሺህ ጊዜ የተጠመጠመበት ማግኔት ነው። የብረት ክር በላዩ ሲንቀጠቀጥ በሽቦው ውስጥ ደካማ ኤሌክትሪክ ይነሣል፤ ማጉያውም ያንን ያጎላዋል። ፋራዴይ በ1831 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያገኘው ሕግ ይኸው ነው፤ መምህራችን ሲያስረዱን እኔ በመስኮት ኳስ እመለከት ነበር።

በብሪጁ በኩል ያለው ፒክአፕ ስላረጀ፥ አባሎች ካዋጡት ገንዘብ ከፊተኛው ይልቅ ብርቱ የሆነ አዲስ ተገዛ፤ እኔም በየድሁት። ድምፁን ስሰማ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ የሌላውን ግን ከዚህ ጋር አላመዛዘንሁም። ስለዚህ ልጁ በለስላሳው ዘፈን ወደ አንገቱ ፒክአፕ ሲያዞር ድምፁ ከከበሮው በታች ተቀበረ፤ ወደ አዲሱ ሲመለስ ደግሞ ዘፋኟን ዋጣት። ምን ያድርግ!

አሁን በክበባችን ሁለት ዓይነት አሳብ አለ። አንዳንዶቹ የአንገቱም ፒክአፕ በአዲስ ይለወጥ፥ ገንዘብ እናዋጣ ይላሉ። ሌሎቹ ደካማው እስኪበቃው ድረስ ወደ ክሮቹ ከፍ ይበል ይላሉ። እኔ በሁለቱም አልስማማም።

ከፍ ይበል ለሚሉት የምመልሰው ይህ ነው። ክር በአንገቱ በኩል ሲመታ በሰፊው ይወዛወዛል፤ ፒክአፑ በጣም ከቀረበ ክሩ ይነካዋል። ከዚያም በላይ ማግኔቱ ክሩን ወደ ራሱ ስለሚስበው ድምፁ ቶሎ ይሞታል፥ ቅኝቱም ይዛባል። ይህን ሞክረን አይተነዋል፤ ወፍራሙ ክር የታመመ ሰው ድምፅ ነበር ያወጣው።

ይገዛ ለሚሉት ደግሞ፥ ሁለት ፍጹም እኩል ፒክአፖች ቢገዙም ድምፃቸው እኩል አይሆንም። በብሪጁ አጠገብ ክሩ የሚንቀሳቀሰው ጥቂት ነውና፥ በዚያ ያለው ፒክአፕ የሚያገኘው እንቅስቃሴ ያነሰ ነው። ስለዚህ አዲስ ጥንድ የገዛ ሰውም ከካቻቢቴ አያመልጥም። ነጋዴ በቴስተር ለክቶ የሚያሳየው የኦም ቁጥርም ብቻውን የድምፅ መጠን አይደለም፤ የሽቦው ቅጥነትና የማግኔቱ ብርታት አሉበትና።

«ታዲያ የብርቱውን ማዞሪያ ቀነስ ማድረግ አይበቃምን?» የሚለኝ ይኖራል። ጥያቄው ጥሩ ነው፥ እኔም መጀመሪያ ያሰብሁት ይህንኑ ነበር። ሊዮ ፌንደር በ1951 ያወጣው ፕሪሲዥን ቤዝ አንድ ፒክአፕ ብቻ ስለ ነበረው ይህ ጣጣ አልነበረበትም፤ በ1960 የወጣው ጃዝ ቤዝ ግን ሁለት ሆነ። የእኛም የተሠራው በዚያ አምሳል ነው። በእንዲህ ያለው ጊታር ሁለቱ ፒክአፖች በጥምጥማቸውና በማግኔታቸው ተቃራኒ ከሆኑ፥ ሁለቱም ማዞሪያዎች እስከ መጨረሻ ሲከፈቱ ከመብራት መስመር የሚመጣውን እምምታ አንዱ የሌላውን ያጠፋል። አንዱን ስትቀንስ እምምታው ይመለሳል። ማዞሪያው ተጫዋቹ የድምፁን ቀለም የሚመርጥበት ነው እንጂ የእኔን ጉድለት የሚሸፍንበት መሆን የለበትም።

ባለፈው ቅዳሜ ልጁንና ካቻቢቴ ይዤ ክፍሉ ውስጥ ገባሁ። ሁለቱንም ማዞሪያዎች ከፈትን። የአንገቱን ፒክአፕ ክሩ በማይነካው ቦታ ተውነው፤ የአዲሱን ብሎኖች ግን በግማሽ በግማሽ ዙር እያጠበቅን ዝቅ አደረግነው። ዓይኔ እንዳያታልለኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርሁ፤ እርሱም አንዱን ክር በአንድ ዓይነት ጉልበት እየመታ ከፒክአፕ ወደ ፒክአፕ ያቀያይር ነበር። መጀመሪያ «አሁን አዲሱ ነው» እያልሁ በጉልበቱ ብቻ አውቅ ነበር። ቆይቶ ግን አንዱ ወፈር፥ አንዱ ጠራ ማለቱን እንጂ የትኛው እንደሚበልጥ መለየት አቃተኝ። ወፍራሙ ክር ጥቂት ስለ በዛ፥ በእርሱ በኩል ያለውን ጫፍ ሌላ ግማሽ ዙር ጨመርንበት። የተቀነሰውን ድምፅ ከማጉያው መለስነው። ወጪው ምንም ነበር።

እርግጥ ነው፥ ብርቱው እስከ እንጨቱ ወርዶም ሌላውን የሚበልጥ ከሆነ መግዛት ይገባል። ሁለቱ አብረው ሲከፈቱ ድምፁ ከሳስቶ ባዶ ቢሆን ደግሞ የሽቦ አገጣጠሙ ተገልብጦ እንደ ሆነ ይታይ። የእኛ ከነዚህ አንዱም አይደለም።

እንግዲህ ለሁለተኛው ፒክአፕ ሊዋጣ የታሰበው ገንዘብ ለክር ይዋል፤ ዝገታቸው ጣት ያጠቁራል። ልጁን በአባሎች ፊት ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ለመጪው ዓመትም በቦታው እንዲቀጥል አስቀድሜ እጄን የማነሣ እኔ ነኝ። ካቻቢቴዋ ከጊታሩ ቦርሳ ውስጥ አለች፤ እባካችሁ ማንም እንዳይወስዳት።