የሮኬት አባት ማን ይባል?

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ

በጥያቄና መልስ ውድድር ጊዜ «የሮኬት አባት ማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ከተወዳዳሪው አፍ ፈጥኖ ይወጣል። «ቬርነር ፎን ብራውን» ይባላል፤ ይጨበጨባል፤ ነጥብ ይያዛል፤ ወደሚቀጥለው ጥያቄም ይታለፋል። ይህ መልስ ለውድድር የሚመች አጭር መልስ ነው እንጂ እውነቱን በሙሉ የያዘ አይመስለኝም። ስለዚህ በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ሐሳቤን ለአንባብያን ለማቅረብ ተነሣሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

አባትነት በመቅደም የሚገኝ ከሆነ ቀዳሚው ሌላ ሰው ነው። ኮንስታንቲን ጺዮልኮቭስኪ የሚባለው ሩስያዊ በ10 ዓመቱ ገደማ በብርቱ ትኵሳት ታሞ ጆሮው በመድከሙ ከትምህርት ቤት ቀርቶ ነበር። መጻሕፍትን በራሱ እያነበበ አደገና በካሉጋ ከተማ አስተማሪ ሆነ። በ1903 ባሳተመው ጽሑፍም ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ቀመር ገለጸ። የቀመሩ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው፤ ሮኬት ወደ ፊት የሚሄደው ጋዝን ወደ ኋላ በመትፋቱ ነው። ሮኬቱ የሚተፋውን ጋዝ ያህል እንዲፈጥን ቢፈለግ፥ ሲነሣ ያለው ክብደት ነዳጁን ከጨረሰ በኋላ የሚቀረውን ክብደት 2.7 ጊዜ ያህል መሆን አለበት። የፍጥነቱ እጥፍ ቢፈለግ 7.4 ጊዜ፥ ሦስት እጥፉ ቢፈለግ 20 ጊዜ ያህል ይሆናል። ነዳጁን ለመሸከም ሌላ ነዳጅ፥ ያንንም ለመሸከም ደግሞ ሌላ ያስፈልጋልና ነው። ሰዎችን ወደ ጨረቃ የወሰደው ሳተርን 5 ከምድር ሲነሣ 2,900 ቶን ያህል ከብዶ፥ በመጨረሻ ሦስቱን ሰዎች ይዞ ወደ ባሕር የወረደው ክፍል ግን ከ6 ቶን የማይበልጥ መሆኑ በዚሁ ቀመር ይገባናል። ጺዮልኮቭስኪ ራሱ በዕድሜው ሙሉ አንድም ሮኬት አልተኰሰም።

በፈሳሽ ነዳጅ የሚሠራውን ሮኬት መጀመሪያ የተኰሰው አሜሪካዊው ፕሮፌሰር ሮበርት ጎዳርድ ነው። ማርች 16 ቀን 1926 በማሳቹሴትስ ግዛት፥ ኦበርን በሚባል ቦታ የለቀቃት ሮኬት 12 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በ2.5 ሴኮንድ ውስጥ ወደቀች። ጎዳርድን ኒው ዮርክ ታይምስ የተባለው ጋዜጣ ከዚያ በፊት በ1920 አፊዞበት ነበር፤ አየር በሌለበት ስፍራ ሮኬት የሚገፋው ነገር ስለሌለ አይሄድም በማለት። በ9ኛ ክፍል የኒውተንን ሦስተኛ ሕግ የተማረ ሁሉ ስሕተቱን ያያል፤ ሮኬት የሚገፋው የራሱን ጋዝ ነውና። ጋዜጣው ይህን ያረመው አፖሎ 11 በተነሣ ማግሥት፥ ጁላይ 17 ቀን 1969 ነው። መጽሔታችን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይወጣል እያሉ የሚያሙን ሰዎች ይህን የ49 ዓመት መዘግየት ልብ ይበሉልን።

አሁን ወደ ፎን ብራውን እንመለስ። ይህ ሰው ትልቅ መሐንዲስ መሆኑን የሚክድ የለም። በ1932፥ ገና በ20 ዓመቱ፥ ለጀርመን ጦር ሠራዊት ሮኬት መሥራት ጀመረ፤ በ1937 በባልቲክ ባሕር ዳር በፔነሙንደ የቴክኒክ ሹም ሆነ። በዚያው ዓመት የናዚ ፓርቲ አባል ሆነ፤ በ1940 ኤስ ኤስ ወደሚባለው ድርጅት ገብቶ እስከ ሻለቃ የሚደርስ ማዕርግ አገኘ። ኦክቶበር 3 ቀን 1942 የተኰሱት ሮኬት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ላይ ወጣ። ቁመቱ 14 ሜትር፥ ነዳጁ አልኮልና ፈሳሽ ኦክሲጅን የሆነው ይህ ሮኬት በኋላ ቪ-2 ተባለ፤ 1 ቶን ያህል ፈንጂ እየተሸከመም በለንደንና በአንትወርፕ ከተሞች ላይ ወረደ። ዲሴምበር 16 ቀን 1944 በአንትወርፕ አንድ ሲኒማ ቤት ላይ የወደቀው ቪ-2 ብቻ ከ500 በላይ ሰዎችን ገደለ።

እስከዚህ ያለውን ብዙ ሰው ያውቃል፤ «ጦርነት ነው፤ ሁሉም ይገድል ነበር» ብሎም ያልፈዋል። የኔ ጥያቄ የሚነሣው ሮኬቱ ከመተኰሱ በፊት ነው። ያን ሁሉ ሮኬት ማን ሠራው?

በኦገስት 1943 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ፔነሙንደን ከደበደቡ በኋላ ሥራው ኖርድሃውዘን በምትባል ከተማ አጠገብ ካለ ተራራ ሥር ወደ ተፈለፈለ ዋሻ ተዛወረ። ለሥራው የመጡት ከፈረንሳይ፥ ከሩስያ፥ ከፖላንድና ከሌሎችም አገሮች የተያዙ እስረኞች ናቸው፤ ሰፈራቸውም ዶራ ይባል ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት መኖሪያ ቤት ስላልተሠራላቸው የሚተኙት እዚያው ዋሻ ውስጥ፥ በተደራረበ የእንጨት አልጋ ላይ፥ የድንጋይ ብናኝ እየማጉ ነበር። ውኃ የለም፤ ንጹሕ አየር የለም፤ የፀሐይ ብርሃን ሳያዩ ብዙ ቀን ያልፋል። ሥራ አበላሽታችኋል የተባሉት ዕቃ በሚነሣበት ክሬን ላይ ይሰቀሉና ሌሎቹ እንዲያዩ ይደረግ ነበር። በዶራና በቅርንጫፎቹ 60,000 ያህል እስረኞች አልፈዋል፤ ከነዚህም 20,000 ያህሉ እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ድረስ ሞተዋል። ሁሉም ሮኬት የሚገጣጥሙ አልነበሩም፤ ብዙዎቹ ድንጋይ ሲፈልጡና ሲሸከሙ ያለቁ ናቸው። ቪ-2 ወድቆባቸው ከሞቱት ይልቅ በዚያ ሰፈር የሞቱት እንደሚበልጡ የታሪክ ጸሓፊዎች ይናገራሉ። ከሞት ከተረፉት አንዱ ዣን ሚሼል የተባለ ፈረንሳዊ ሲሆን በ1975 «ዶራ» የሚል መጽሐፍ አሳትሟል።

በሳይንስ ክበባችን ይህን ነገር ሳነሣ ሁለት መልስ ተሰጠኝ። አንደኛው «ፎን ብራውን ቢቃወም ኖሮ ይገደል ነበር» የሚል ነው። በዚህ ውስጥ እውነት አለ፤ በማርች 1944 ጌስታፖ እሱን ራሱን ይዞ ጥቂት ጊዜ አስሮት ነበርና። ነገር ግን በዚያው ዓመት በኦገስት ወር የጻፈው ደብዳቤ እስከ ዛሬ አለ። በደብዳቤው ወደ ቡኸንቫልድ የእስረኞች ሰፈር ሄዶ ሙያ ያላቸውን እስረኞች እንደ ፈለገና ወደ ዋሻው እንዲዛወሩ ከሰፈሩ አዛዥ ጋር እንደ ተነጋገረ ይገልጻል። ፈርቶ ዝም ማለት አንድ ነገር ነው። ሄዶ እስረኛ መምረጥ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነትም ለኔ ትንሽ አይደለም።

ሁለተኛው መልስ «እሱ ባይኖር ኖሮ የሰው ልጅ ጨረቃን አይረግጥም ነበር» የሚል ነው። እንዲህ ለሚሉ ሰርጌይ ኮሮሊዮቭን አስታውሳቸዋለሁ። ኦክቶበር 4 ቀን 1957 የመጀመሪያዋን ሰው ሠራሽ ጨረቃ፥ ኤፕሪል 12 ቀን 1961 ደግሞ ዩሪ ጋጋሪንን ወደ ሕዋ የላከው መሐንዲስ ኮሮሊዮቭ ነው። እሱም በ1938 በስታሊን ዘመን ተይዞ ወደ ኮሊማ የወርቅ ማዕድን ተላከ፤ በእስራቱም ጥርሶቹን አጣ። አንዱ እስረኛ ሆኖ፥ ሁለተኛው እስረኛ መርጦ ወደ አንድ ሰማይ ደረሱ። ፎን ብራውን በቴሌቪዥን እየቀረበ ዓለም ሲያውቀው፥ የኮሮሊዮቭ ስም ግን በጃንዋሪ 1966 እስኪሞት ድረስ የመንግሥት ምስጢር ሆኖ ኖረ።

ይሁንና ክርክሩን ለማሸነፍ ብዬ አንድ ነገር ልደብቅ አልሻም። ሩስያኖችም ከጦርነቱ በኋላ ወደዚያው ዋሻ ገብተው የተረፈውን ወስደዋል፤ የመጀመሪያው ትልቅ ሮኬታቸው የቪ-2 ግልባጭ ነበር። አሜሪካኖች ደግሞ ቀድመዋቸው የተገጣጠሙትን ሮኬቶችና ፎን ብራውንን ከጓደኞቹ ጋር ወስደዋል። በዋሻው የሥራ አለቃ የነበረው አርቱር ሩዶልፍ የሳተርን 5 ሥራ አስኪያጅ እስከ መሆን ደርሶ፥ የዋሻው ጉዳይ በተመረመረ ጊዜ በ1984 አሜሪካንን ትቶ ወደ ጀርመን ተመለሰ። እንግዲህ ሁለቱም መንገዶች ከአንድ ዋሻ አፍ ይወጣሉ። ይህ ክርክሬን ያደክማል የሚል ሊኖር ይችላል፤ እኔ ግን የሚያጠነክረው ይመስለኛል። የሮኬት የዘር ሐረግ ይቈጠር ከተባለ በዚያ ድንጋይ ሥር የሠሩት ሰዎች ከሐረጉ ሊወጡ አይችሉም።

በዚህ ዓመት ክበባችን የጠፈር ሊቃውንትን ሥዕል በቤተ ሙከራው ግድግዳ ላይ ለመስቀል አስቧል። የፎን ብራውን ሥዕል ይውረድ አልልም፤ ሳተርን 5ን ከታሪክ ማውረድ አይቻልምና። የምጠይቀው ከሱ ሥዕል አጠገብ፥ በመጠኑም ሳያንስ፥ የዋሻው ፎቶግራፍ እንዲሰቀል ነው። አንድ ጓደኛዬ ይህ የ9ኛ ክፍል ልጆችን ከሳይንስ ያርቃቸዋል ሲል ተቃወመኝ። እኔ ግን የሳተርን 5 ቁመት 110 ሜትር መሆኑን ለማጥናት የደረሰ ልጅ 20,000 የሚለውን ቁጥርም ለማወቅ ደርሷል ብዬ አምናለሁ። ኮሮሊዮቭም በሥዕሎቹ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም፤ እንዲጨመር አሳስቤአለሁ።

ከፎቶግራፉ ሥር የሚጻፈውን ረቂቅ ለክበቡ ሰብሳቢ ሰጥቻለሁ። አራት መስመር ብቻ ነው፤ የዋሻው ስም፥ ዓመቱ፥ የእስረኞቹ ቁጥርና የሞቱት ቁጥር። ክበቡ የሚመክርበት ከፈተና በኋላ ነው።